የጳጉሜን ባር፦ በግራፍ ላይ ፒኤችዲ እንዴት ሠራሁ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ግራፍ ላይ ምርምር አደርጋለሁ» እላለሁ። ተከታዩ ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ኤክሴል ማለት ነው?» ዘመዶቼ ዘንድ ደግሞ እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ላፕቶፕ በተበላሸ ቁጥር ይደወልልኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰው ግራፍ ሲያይ ምን ያነባል? የትኛው አሳሳል ቶሎ ይገባዋል? የትኛው ያሳስተዋል? ይህንን በሙከራ የሚያጠና ሙሉ የምርምር ዘርፍ አለ፤ ዳታ ቪዥዋላይዜሽን። ትልቁ ጉባኤው አይ ትሪፕል ኢ ቪስ ይባላል፤ ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮጳውያን ናቸው።) እኔ ፒኤችዲዬን ጀርመን ሠርቼ አሁን ፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ በጊዜያዊ ኮንትራት የሚሠራ ተመራማሪ) ነኝ። እንዴት እንደተገባበትና ፔፐር እንዴት እንደሚታተም የሚጠይቁኝ ልጆች ስለበዙ፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል አልኩ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ስታቲስቲክስ ነው። እንደተመረቅኩ የጤና ጣቢያዎችን ወርሃዊ ሪፖርት የሚያጠናቅር ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጠርኩ። ምርምሬ የተወለደው እዚያ ነው፤ ከአንዲት ባር። ከጳጉሜን ባር።

እስቲ አስቡት። አንድ ጤና ጣቢያ በቀን 20 ታካሚ ያያል እንበል። በ30 ቀን 600 ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ስለሆነች 100 ይደርሳታል። ባር ግራፍ ስትሠሩ 12 ረጃጅም ባሮች ይሰለፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የእነሱን አንድ ስድስተኛ የምታክል ድንክ ባር ትቆማለች። የጤና ጣቢያው ሰው ዞር ብሎም አያያት። ውጭ አገር ተቀምጦ ሪፖርቱን የሚያነበው ግን «ዓመቱ መጨረሻ ላይ ምን ተፈጠረ? መድኃኒት አልቆ ነው?» ብሎ ኢሜይል ይልካል።

መፍትሔ ተብለው የሚሠራባቸው ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ጣጣ አላቸው። አንዱ ጳጉሜንን ነሐሴ ላይ ይደምራታል። ያኔ ነሐሴ 35 ቀን ይሆንና ወረርሽኝ የገባ ይመስላል። ሌላው ሁሉንም ወደ ፈረንጅ ካላንደር ይገለብጣል። መስከረም 1 ግን የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ አንዳንዴም 12። እጃችሁ ላይ ያለው የወር ድምር ብቻ ከሆነ ወሩን ከመሀል ሰንጥቃችሁ ለሁለት የፈረንጅ ወር ማካፈል አትችሉም፤ የየቀኑ ቁጥር የለማ። ሦስተኛው መንገድ በቀን አማካይ መሳል ነው። ይህ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ መድኃኒት የሚያዘው ሰው የሚፈልገው ድምሩን መሆኑ ነው። አራተኛው የባሩን ወርድ በቀኖቹ ብዛት ልክ ማድረግ ነው። ጳጉሜን ቀጭን ትሆናለች፤ ቁመቷ የቀን አማካይዋን፣ ጠቅላላ ስፋቷ ድምሯን ይናገራል። ሲያስቡት ያምራል። ዓይን ግን እንዲህ አይሠራም። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት ስታቲስቲሺያኖች በ1984 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰው በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ነገሮችን ሲያወዳድር በጣም ትክክል እንደሆነ፣ የቦታ ስፋት ሲገምት ግን እንደሚዛነፍ አሳይተዋል። ሂርና ቦስቶክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ይህንኑ በኢንተርኔት ብዙ ሰው አሳትፈው ደገሙት። ደረጃው በመሠረቱ አልተቀየረም።

ያኔ እነዚህን ጥናቶች በስማቸውም አላውቃቸውም ነበር። ያንኑ የአንድ ዓመት ዳታ በአራቱም መንገድ ስዬ አንድ ገጽ ላይ ደረደርኩት። ፒኤችዲ ስፈልግ ለፕሮፌሰሮች ከጻፍኩት ኢሜይል ጋር አያይዤ የላክሁት ይህችን ገጽ ነው። ሲቪዬን ማን እንዳነበበው እንጃ። ስለ ገጿ ግን ጠየቁኝ። አሁን በተራዬ እንዲህ ዓይነት ኢሜይሎች ይደርሱኛል። «ስለ ምርምርዎ በጣም ፍላጎት አለኝ» የሚለው ለመቶ ሰው እንደተላከ ከሩቁ ያስታውቃል። ከፔፐሮቼ አንዱን አንብቦ «ይህን በዚህ ዳታ ብሞክረው እንዲህ ሆነብኝ» የሚለኝን ግን መልስ ሳልሰጥ አላልፍም። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ጀርመን ውስጥ ብዙው የፒኤችዲ ተማሪ ተቀጣሪ ነው። ደመወዝ አለው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ብቻ ሳይሆን የሥራ ማስታወቂያም ተከታተሉ።

እዚያ ስደርስ ሶፍትዌር ሠራን። የጤና ሪፖርቶችን የሚያሳይ፣ የሚጫኑት፣ የሚያጣሩበት፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ጻፍነው፣ አስገባነው፣ ውድቅ ሆነ። በቪስ አንድን ፔፐር ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ይገመግመዋል። የአራቱም ሐሳብ ሲጨመቅ ይኸው ነበር፦ መሣሪያው ይሠራል፤ ካለው ነገር በምን ይሻላል? ማን ሞከረው? ደግሞስ ይህ የአንድ አገር ጉዳይ አይደለም ወይ?

የመጨረሻዋ አንገበገበችኝ። አማካሪዬ ግን ቀለል አድርገው «ይህ ችግር ያለበት ሌላ ማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎች ሁሉ የምደግመው ጥያቄ ይህ ነው። ፍለጋ ጀመርኩ። የአይሁድ ካላንደር በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቸርቻሪ ድርጅቶች ሩብ ዓመቱን 4፣ 5 እና 4 ሳምንት አድርገው ነው የሚከፍሉት፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንዱ ባር ያለምክንያት ያብጣል። የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ራሱ ከጃንዋሪ በ3 ቀን ያንሳል፤ አሥር በመቶ ገደማ ማለት ነው፤ ማንም ልብ አይለውም እንጂ። ጥያቄያችን «እኩል ያልሆኑ የጊዜ ክፍሎችን እንዴት እንሳል?» ሆነ። ጳጉሜን ደግሞ ከሁሉም የከፋች ምሳሌ ስለሆነች ከፊት መጣች። ፔፐሩ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው እንዲያውም ከበፊቱ በዛ። «የአንድ አገር ጉዳይ» ያለን ግን አልተገኘም።

ሙከራውን ማካሄድ ሌላ ራስ ምታት ነበር። የዘርፉ ሰዎች ለተሳታፊ የሚከፈልባቸውን ድረ ገጾች ይጠቀማሉ፤ እዚያ አገር ቤት ያለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ዘበት ነው። እኛ በቴሌግራም ሄድን። ሁሉም በስልክ ነው የሚያየው። ስለዚህ ገጹ ቀላል መሆን ነበረበት፤ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ አውጥተን ቋሚ ሥዕል አደረግነው። አንዳንድ ስልክ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ስለሚመጣ፣ ፎንቱን ከገጹ ጋር አብረን ላክን። ክፍያው የሞባይል ካርድ ነበር። ካርድ ፍቆ ቁጥር መሙላት ምን እንደሆነ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስረዳሁበት ደብዳቤ ሳይታተም የቀረ ምርጥ ሥራዬ ነው። ዳታ ከመሰብሰባችን በፊት ምን እንደምንለካና እንዴት እንደምንተነትን ኦኤስኤፍ በሚባለው የምርምር ዕቅድ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ አስመዘገብን። ይህንን አትዝለሉ። ገምጋሚ «ውጤቱን አይታችሁ ነው ጥያቄውን ያበጃችሁት» እንዳይላችሁ ይጠብቃችኋል።

በዲ3 ለምትሠሩ አንዲት ነገር። ዲ3 በ2011 የወጣ፣ ድረ ገጽ ላይ ግራፍ ለመሳል የሚያገለግል፣ ዘርፉን የቀየረ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ነው። ዝግጁ የሆነው የጊዜ መስመሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕት ራሱ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ ቀኑን ከእሱ ወስዳችሁ የራሳችሁን የወር ክፍተት ለዲ3 መስጠት ትችላላችሁ። ወሩ የት እንደሚጀምርና ቀጣዩ የት እንደሆነ የሚናገሩ ሁለት ትንንሽ ፈንክሽኖች ይበቃሉ። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 መሆኗን ብቻ አረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ዳታ ጋር ሞክሩት፤ ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። አሳሳሉን በተመለከተ እኛ የምንመክረው የቀን አማካዩን በነጥብ ስሎ ድምሩን ከሥሩ በቁጥር መጻፍ ነው። አያምርም። ይነበባል።

አሁን ስለ ማሳተም። የቪስ ዴድላይን ማርች መጨረሻ ነው። ጽሑፉ ከ9 ገጽ አይበልጥም፤ ዋቢዎች ተጨማሪ 2 ገጽ አላቸው። መልሱ ጁን ላይ ይመጣል። ውድቅ ከሆነ ሴፕቴምበር ላይ ወደ ቺ (የሰውና የኮምፒውተር ግንኙነት ጉባኤ)፣ ዲሴምበር ላይ ወደ ዩሮቪስ (የአውሮጳው የቪዥዋላይዜሽን ጉባኤ) ይዞራል። ማንም ሰው ፔፐሩን አንዴ ተባረረ ብሎ አይጥልም፤ አስተያየቱን ተቀብሎ አስተካክሎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ለጀማሪ የዩሮቪስ አጭር ጽሑፍ ጥሩ መግቢያ ነው፤ 4 ገጽ ነው። በዚያ ላይ አውሮጳ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው የቪዛ ነገር አብዛኛውን ጊዜ አያስጨንቅም። ቪዛ ካልኩ አይቀር፣ ፍሎሪዳ ሊካሄድ የነበረው የ2024ቱ ቪስ በሚልተን አውሎ ነፋስ ምክንያት ወደ ኦንላይን ተዛወረ። ቪዛ የተከለከልነውም ያገኙትም በስክሪን ተገናኘን። በ2025 ቪየና ሲሆን በባቡር ሄድኩ። ተማሪ ከሆናችሁ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ አመልክቱ፤ መመዝገቢያውን ነፃ ያደርግላችኋል፤ እሱ ደግሞ ቀላል ብር አይደለም።

ስማችሁን ከመጀመሪያው ፔፐር በፊት ወስኑ። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሥርዓቱ ግን የመጨረሻውን ስም ነው የሚይዘው። ስለዚህ በዋቢዎች ዝርዝር ላይ ጸሐፊው አባቴ ናቸው። ኢሜይል ሲጽፉልኝም «ውድ ዶክተር» ብለው የአባቴን ስም ያስከትላሉ፤ አባቴ ነገሩን ወደውታል። አንዱን ፔፐር በአያት ስም፣ ሌላውን ያለ አያት ካሳተማችሁ ጉግል ስኮላር ሁለት ሰው ያደርጋችኋል። አንዱን መርጣችሁ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ። በነፃ ነው።

ከፒኤችዲ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ጀርመን ውስጥ ጊዜያዊ የዩኒቨርሲቲ ኮንትራት በመደበኛው ከፒኤችዲ በፊት 6፣ ከዚያ በኋላ 6 ዓመት ነው የሚፈቀደው። እኔ ሁለተኛው ውስጥ ነኝ። አሁን የያዝኩት የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ቀኑን ከጠዋት የሚቆጥር ሰው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ግራፍ ላይ ምን ያህል እንደሚዘገይ እየለካን ነው። ማርች 31 ይገባል፤ መጋቢት 22 ማለት ነው። ዴድላይኑ በምድር ላይ ቀኑ ከሁሉም ዘግይቶ በሚያልቅበት የሰዓት ክልል ስለሚቆጠር፣ አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያስገባ እስከ ማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ጊዜ አለው።