የሚፈላው ሁሉ ያልተረጋጋ አይደለም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ልጆችን ኬሚስትሪ ሳስጠና ሁሌ የሚያከራክረን ፔንቴን ነው። ፔንቴን፣ አይሶፔንቴንና ኒዮፔንቴን ሦስቱም 5 ካርበንና 12 ሃይድሮጅን አላቸው። ክብደታቸው እኩል ነው። ግን የመጀመሪያው በ36 ዲግሪ፣ ሁለተኛው በ28፣ ሦስተኛው በ9.5 ገደማ ይፈላል።

ለምን? ፔንቴን ረጅም ነው፣ ስለዚህ ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ተጋድመው በሰፊው ይነካካሉ፣ በመካከላቸው ያለው ደካማ ስበትም ተደማምሮ ለማላቀቅ ብዙ ሙቀት ይጠይቃል። ኒዮፔንቴን ግን እንደ ኳስ ድቡልቡል ስለሆነ የሚነካካው በጥቂቱ ነው። (ቁጥሮቹ በባሕር ወለል ግፊት ናቸው። እኛ ሰፈርማ ውሃም 100 ሳይደርስ ነው የሚፈላው።)

"ታዲያ ቶሎ የሚፈላው ያልተረጋጋ ነው ማለት ነዋ፣ ጋሼ?" ይሉኛል። ኧረ በፍጹም! ሲፈላ ሞለኪውሉ ከሌሎቹ ይለያል እንጂ ራሱ አይሰበርም። እንዲያውም ከሦስቱ በጣም የተረጋጋው ኒዮፔንቴን ነው። ትራንስና ሲስ የሚባሉ ሁለት ቅርጾች ባሉት 2-ቢዩቲን በሚባለው ባለ 4 ካርበን ውህድ ላይም ያው ነው፦ ትራንሱ ሁለቱ ሜቲሎች (አንድ ካርበንና 3 ሃይድሮጅን ያላቸው ጫፎች) በተቃራኒ ጎን ሆነው ስለተራራቁለት ይበልጥ የተረጋጋ ነው፣ ሆኖም በ0.9 ዲግሪ ይፈላል። ሲሱ ግን ሜቲሎቹ በአንድ ጎን ናቸው፤ ትንሽ ፖላር ስለሆነ (አንዱ ጎኑ በትንሹ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ) እስከ 3.7 ይቆያል።