የማቀዝቀዣው ድምፅ

ዓርብ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ሰኞ ጠዋት የክትባት ክፍሉ ሲከፈት የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር 29 ዲግሪ ያሳያል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት እንዳለበት ከመካከላችን የማያውቅ ባለሙያ አልነበረም። በዚያ የቆላ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ከተመደብኩ አራተኛው ወር ነበር።

አንድ የፖሊዮ ብልቃጥ አንስቼ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ብልቃጡ ላይ ትንሽ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ደግሞ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አለ። ሙቀት ባገኘው ቁጥር አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል፤ ቀለሙ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ብልቃጡ ይጣላል። መብራቱ በየሳምንቱ ስለሚቆራረጥ ቀድሞም ጠቆር ብሎ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ። ሌላውን ክትባት አንድ በአንድ አየን፤ ፖሊዮው በሙሉ ተጣለ። በሩ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክትባት መያዣዋን በትከሻዋ አንግታ ቆማለች። ከጤና ኬላዋ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነው የመጣችው፤ ለማግስቱ እናቶችን ቀጥራለች።

ከሰዓት በኋላ ግምገማ ጠራሁ። እንደለመድነው ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመርን። የክትባት ክፍሉ ነርስ ቁልፉን ይዞ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ተረኛዋ አዋላጅ ነርስ ሁለት ምጥ የያዛቸው እናቶች ይዛ አድራለች፤ ቁልፍም የላትም። የፋርማሲ ባለሙያው ለጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዲገዛ በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። ያ ወረቀት ሳይፈረም ሁለት ሳምንት የተቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን በስብሰባው ላይ ተናገርኩ፤ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ነበር ሰው እውነቱን መናገር የጀመረው።

ዋናውን ነገር ግን የሰማሁት ማታ ስወጣ ከጥበቃው ነው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንበራቸው ከክትባት ክፍሉ መስኮት ሥር ናት።

«ድምፁ ዓርብ ሲቆም ሰምቻለሁ፤ እስከ እሁድም አልተነሳም» አሉኝ። «ለማን ልንገር፣ ልጄ?»

ስብሰባው ላይ አልተጠሩም ነበር። ጠሪው እኔ ነኝ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

በማግስቱ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጸን ለተረኛ ሰጠን። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነዳጅ ከጄኔሬተሩ አጠገብ እንዳይጠፋ ተስማማን። ጋሼ ማንበብ ስለማይችሉ አዋላጇ ስልካቸውን ተቀብላ 2ን ተጭነው ሲይዙ ተረኛው፣ 3ን ሲይዙ እኔ እንድንጠራ አድርጋ አስተካከለችላቸው። የጠዋቱ የሩብ ሰዓት ስብሰባ ላይም ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች እንዲቀመጡ አደረግን። «ጥበቃ ከባለሙያ ጋር ምን ያሰበስበዋል?» ያለኝ ሰው ነበር። በግልጽ ተቆጣሁ። የሌሊቱን የሚያውቀው ሌሊቱን ነቅቶ ያደረው ነው።

ከዚያ በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «ቆሟል» አሉ ጋሼ። «ተረኛዋ ምጥ ላይ ናት፤ ስልኳን አላነሳችም።» ደርሼ ጄኔሬተሩን ስናስነሳ ቴርሞሜትሩ 7 ላይ ነበር። ጋሼ ባትሪያቸውን አበሩልኝ፤ በሙቀት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሰዓቱንና ዲግሪውን ጻፍኩ።