የሰባት ዓመት ቁጠባና አንዲት ብርማ ቪትዝ

ጥቅምት 2010 ላይ የሥራ ባልደረባዬ አንዲት ብርማ ቪትዝ፣ ያቺን ትንሿን የቶዮታ መኪና፣ ገዛች። መጀመሪያ የተጠየቅነው እኛ ነበርን። ሻጩ የሰፈራችን ሰው ነው፤ የመጨረሻ ዋጋው 385 ሺህ ብር ነበር። እኔና ባለቤቴ ያጠራቀምነው 210 ሺህ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የጎደለውን አበድራችኋለሁ ብሎ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ስኳር እንኳ በዱቤ ሳትገዛ ነው ያሳደገችን፤ ዕዳ ያስፈራኛል። ባለቤቴን "ሁለት ዓመት እንታገስ፣ ከሰው ብድር ነጻ ሆነን እንገዛለን" አልኩት። ለባልደረባዬ መኪናዋ መኖሯን የነገርኳትም እኔው ነኝ።

ነርስ ነኝ። መኪና የፈለግነው ለመዝናናት አይደለም። ልጃችን አስም አለባት። በ2013 ከአዲስ አበባ ዳር ያለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ከገባን በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያፍናት በስልክ የምንጠራው ታክሲ "የት ነው?" ይላል፣ "ኮዬ" ስንለው ይሰርዛል። ሁለተኛውም ይሰርዛል። አንድ ሌሊት ከአራተኛ ፎቅ አቅፌያት ወርጄ አስፋልቱ ዳር 40 ደቂቃ ቆሜያለሁ። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ሲያፏጭ ይሰማኛል። የሰው ልጅ ሲታፈን ምን እንደሚደረግ የሥራዬ ነገር ነው፣ አውቀዋለሁ። ያን ሌሊት ግን ማወቄ ምንም አልጠቀመኝም፣ የሚያስፈልገኝ አራት ጎማ ነበር።

አንድ ጥቁር ደብተር አለኝ። በግራ ገጹ ያለንን ብር፣ በቀኙ ደላሎች የሚነግሩኝን የቪትዝ ዋጋ እጽፋለሁ። በ2012 በግራ 370 ሺህ፣ በቀኝ 560 ሺህ። በ2014 በግራ 560 ሺህ፣ በቀኝ 980 ሺህ። 560ው ሁለት ጊዜ መጻፉን ያየሁት በኋላ ነው፤ የመኪናዋ የ2012 ዋጋ ላይ እኛ የደረስነው በ2014 ነው። የየሳምንቱን እቁብ አንድም ቀን አላጓደልንም። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ የሰው ሒሳብ ይሠራል፣ እኔ የሌሊት ተረኛነት ስገኝ እወስዳለሁ።

በዚያው በ2014 ሳሪስ አንዲት ነጭ ቪትዝ አየን። ሰፈራችን ያሉትን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዘን ሄድን። ሞተሩን አስነስተው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አንስተው አሸተቱት፣ ለባለቤቴም አቀረቡለት። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። በሩን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ "ይሄ ስቱኮ ነው፣ ብረቱ ከሥር አልቋል። ሞተሯም ዘይት ትጠጣለች፤ ይቅርባችሁ ልጆቼ" አሉን። ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ደላላው ደውሎ መሸጧን ነገረን፣ በ980 ሺህ፣ ሳይቀነስ።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ሁላችንም ከፊል ከፊሉን እናውቀዋለን። የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አዲስና ትንሽ ሞተር ላለው መኪና 5 በመቶ ብቻ ሲያስከፍል፣ ዕድሜ የጠገበውን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። አሮጌ መኪና አየር ይበክላል መባሉ ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን የእኔ ቢጤ ደሞዝተኛ አቅሙ የሚደርሰው አሮጌው ላይ ነበር። ጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ያን ቀን አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ሁሉ ወርቅ ሆነች። ከባንክ መበደርም ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ከገደበ ወዲህ ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚሞከር አልነበረም።

የኤሌክትሪኩን ለምን አትገዙም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይተናል። ከቀረጥ በኩል ተደግፎ እንኳ አዲሱ ከአቅማችን በላይ ነው። ያገለገለውን ብናገኝ ደግሞ፣ ያ ሽማግሌ መካኒክ መዳፋቸውን የሚያሳርፉበት ቀዳዳ የለውም። ባትሪው ደክሞ እንደሆነ ማን ይነግረናል? ከአራተኛ ፎቅስ ገመድ በየት አውርጄ ልሰካ ነው?

አሁን ወደ ብርማዋ ቪትዝ ልመለስ። ሰኔ 2017 ባልደረባዬ ቪዛዋ ደረሰ፣ ካናዳ ልትሄድ ነው። ተረኛ ሆነን ሌሊት ሻይ ስንጠጣ "መኪናዋን ከሌላ ሰው በፊት ላንቺ" አለችኝ። ዋጋውን ስጠይቃት አንገቷን ደፋች። 2 ሚሊዮን ከ50 ሺህ ሰጥተዋታል። "እህቴ፣ ለአንቺ ብቀንስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይሄ ብር ወደ ዶላር ሲለወጥ ምን እንደሚሆን አስቢው" አለችኝ።

አስቤው አላውቅም ነበር። የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ አብረን አሰላነው። እሷ ስትገዛ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበር። ብር በ15 በመቶ ዝቅ የተደረገው፣ የቁጠባ ወለድም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያለው በዚያው ጥቅምት ነው። 385 ሺህ ለ27 ሲካፈል 14 ሺህ 259 ዶላር። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዚያ ሰኔ 135 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ 2 ሚሊዮን 50 ሺህ ለ135 ሲካፈል 15 ሺህ 185። ሰባት ዓመት ተነድታ፣ ጎማና ፍሬን ጨርሳ፣ ወንበሯ ተልጦ፣ በዶላር ሲታሰብ ዋጋዋ ካለበት ብዙም አልተነቃነቀም።

ከዚያ የእኛን አሰላሁ። 210 ሺህ ያኔ 7 ሺህ 778 ዶላር ነበር። ያን ሌሊት ደብተሬ በግራ በኩል አንድ ሚሊዮን ይል ነበር፤ በዶላር 7 ሺህ 407 ነው። ካርቶኑን አዙሬ አስቀመጥኩት። ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ሰባት ዓመት ሙሉ በደላሎች ስናደድ ነበር። እየሸሸን የነበረው ግን ባንክ ያስቀመጥነው የራሳችን ብር ነው። የሌሊት ተረኛነቱ፣ የባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ፣ ለልጄ ያልገዛሁላት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በእቁብ ብላት እምቢ እንደማትለኝ አውቃለሁ፤ ስለማውቅም አልጠየቅኳትም። ሁለት ልጆች ይዛ ወደማታውቀው አገር ነው የምትሄደው፣ ብሩ ሙሉውን ያስፈልጋታል።

አንድ ማክሰኞ ተሸጠች። ገዢው ወጣት ነው፣ ለነጋዴ አባቱ ነው የሚገዛው። የሽያጩ ውል ላይ ምስክር ጎድሎ ባልደረባዬ ወደ እኔ ዞረች። ሊብሬውና ሁለቱ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ አንደኛው ቁልፍ ላይ ልጄ በ2015 የሠራችላት ሰማያዊ የዶቃ ማንጠልጠያ አለ። ገዢው "ይሄን ልፍታው?" ብሎ ጠየቀን። ይቆይ አልኩትና ፈረምኩ።