ሁለት የጎማ ቁራጭ

«ውሃ እየተፋ እኮ ነው! ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የካቲት 14 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ የምንጠግነውን የጀልባ ሞተር በርሜል ውስጥ አቁመን የምንሞክርባት ዛፍ ጥላ ሥር። የተናገርኩት ለረዳቴ ነው። ልጁ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። ዓመታት አልፈዋል፤ የሞተር ሽፋን ባነሳሁ ቁጥር ግን ያ ቀን ተመልሶ ይመጣብኛል።

ያን ቀን ለጥገና የመጣችልን ጀልባ የመንገደኛ ጀልባ ናት። ሞተሯ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባለት ዓይነት ነው። ጎርጎራ ዕቃ አድርሳ ልትመለስ ስትል ዳር ላይ እንቦጭ ውስጥ ገባች። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የእኛም ሥራ ተቀይሯል። ድሮ የሚመጣልን ብልሽት ፕሮፔለሩን ድንጋይ መታው፣ መረብ ተጠመጠመበት ነበር። አሁን «ይሞቃል» የሚለው በዝቷል። እንቦጭ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ቅጠልና ወይን ጠጅ አበባ ነው። ከታች ያለው ሥሩ ግን እንደ ጸጉር የተንዠረገገ ነው። ውሃ ውስጥ በሚገባው የሞተሩ እግር ላይ ያለችውን የውሃ መግቢያ ወንፊት እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፍባታል።

ነጂው ማድረግ ያለበትን ያውቅ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን ከውሃ አውጥቶ፣ ሥሩን በእጁ መንቀል። ግን ነፋስ ተነስቶበታል፣ መሽቶበታልም። ጋዝ እየሰጠ፣ ወደ ኋላ ማርሽ እያስገባ እንደምንም ወጣ። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ፓምፑ በደረቁ ዞረ።

እነዚህ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም። ራዲያተራቸው ሐይቁ ነው። እግሩ ውስጥ ባለ ስድስት ክንፍ ጎማ አለች፤ ኢምፔለር እንላታለን። ሞተሩ ሲዞር አብራ ትዞራለች፤ ውሃ ከሐይቁ ስባ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ትገፋለች። ውሃው ሲሊንደሮቹንና ክዳናቸውን፣ ቴስታታውን፣ አቀዝቅዞ ከጭሱ ጋር ተመልሶ ሐይቅ ይገባል። ጥቂቱ ብቻ፣ ነጂው ዘወር ብሎ እንዲያየው፣ በጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። «ይተፋል» የምንለው እሱን ነው። ለጎማዋ ደግሞ ውሃው ዘይቷም ጭምር ነው። ያለ ውሃ ስትዞር ብረት ላይ እየተፋተገች ትቃጠላለች፣ ትደርቃለች፣ ክንፏም ይበጠሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ሲግል የምትጮህ ጥሩምባ ነበረችው። የጀልባዋ ባለቤት ሽቦዋን አስቆርጠዋታል። «መንገደኛ ታስደነግጣለች» ይሉ ነበር። እንቀጥላት ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። «ተዋት፣ ነጂው ዓይን አለው» ነው መልሳቸው።

እግሩን አወረድነው። የፓምፑን ቤት አራት ብሎን ፈታን። ጎማዋን በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣኋት። ከስድስቱ ክንፍ አራቱ አሉ፣ ሁለቱ ከሥራቸው ተቆርጠው የሉም።

«ይኸው በሽታው!» አልኩ። ደስ አለኝ። አዲስ ኢምፔለር መሳቢያዬ ውስጥ ነበረኝ። ባለቤቱ ደግሞ አጠገቤ ቆመው በየሁለት ደቂቃው ሰዓታቸውን ያያሉ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። ዘጌ የሚሻገረው ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ጀልባ ስለሚሻማ፣ ጀልባዋ በማግስቱ ጠዋት መነሳት ነበረባት።

ልጁ የተበላሸችውን ጎማ ከእጄ ተቀብሎ አገላበጣት።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ክንፎች የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«የተቆረጡት።»

«ሐይቅ ገቡ። የት ይሄዳሉ?»

ትንሽ ዝም አለ። ደቅ ደሴት ያደገ ልጅ ነው፤ ታንኳ እየቀዘፈ። ሞተር ሳያውቅ በፊት ውሃ ያውቃል። ጣቱን ቱቦው መግቢያ ላይ አስቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

«ፓምፑ ወደ ላይ አይደል እንዴ የሚገፋው? በየት በኩል ሐይቅ ይገባሉ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ በልቤ እንዳገላበጥኩት አልናገርም። ትክክል ነበር። ሌላ ነገር ማወቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ውሃው ወደየት እንደሚሄድ ብቻ ነው የተከተለው። ከፓምፑ የተቆረጠ ነገር ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል፤ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ሞተሩ ሆድ። እኔ 11 ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ቁልፉን አስቀምጬ «እውነትህን ነው፣ እንፈልጋቸው» ማለት ነበረብኝ።

ባለቤቱ ግን ሳቁ። «ልጁ ሊያስተምርህ ነው መሰለኝ!» አሉ።

ያቺ ሳቅ ፊቴን አጋለችው። ልጁን እንኳ ዞር ብዬ ሳላየው «አንተ ቁልፍ አቀብል! ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

አቀበለኝ።

አዲሷን ኢምፔለር አስገባን፣ እግሩን መልሰን አሰርን፣ ሞተሩን በርሜል ውስጥ አስነሳነው። ወዲያው ተፋ። ያማረ፣ ቀጥ ያለ፣ እስከ በርሜሉ ውጭ የሚደርስ ውሃ። 15 ደቂቃ አስጮህነው። ውሃውን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ያለ ነው። ቴስታታውን ነካሁት፣ እጅ ያስቀምጣል። ልጁ የላይኛው ሲሊንደር በኩል ረዘም አድርጎ እጁን አቆየና «ጋሼ፣ ቴስታታውን ከፍተን ብናየው?» አለኝ። በቀስታ ነው ያለው፣ ባለቤቱ እንዳይሰሙ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ቃል የጮህኩበት።

አሁን የማውቀውን ያን ጊዜም አውቀው ነበር፣ ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ። በርሜል ውስጥ ሞተር አይሠራም፣ ይዞራል እንጂ። ጭነት የለውም፣ የሚያቃጥለው ቤንዚን ትንሽ ነው፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው። ሐይቅ ላይ ሰው ጭኖ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ አንድ ሰዓት ሲነዳ ሌላ ሞተር ነው። በዚያ ላይ በዚህ ዓይነቱ ሞተር ወደ መትፊያዋ ቀዳዳ የሚሄደው ውሃ የሚቀነሰው ላይኛው ሲሊንደር ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። መትፋቱ የሚነግረን ፓምፑ እየገፋ መሆኑን ብቻ ነው። ውሃው ሁሉም ቦታ ደርሷል ማለት አይደለም።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ስልኬ ጠራ። ነጂው ነው። ከኋላው የሴቶች ጩኸትና «ኪዳነ ምሕረት!» የሚል ጸሎት ይሰማኛል። ጀልባዋ ዘጌ መንገድ ላይ፣ ሐይቁ መሃል ቆማለች። ሞተሩ ጉልበቱ ድንገት ወረደ፣ የተቃጠለ ቀለም ሸተተ፣ ነጂው ቶሎ አጠፋው። ሞተር የሌላት ጀልባ ደግሞ ፊቷን ወደ ማዕበሉ ማዞር አትችልም፤ ማዕበሉ በጎኗ እየመጣ ያንከባልላታል። እናቶች ሕፃን ታቅፈው ነበር። ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ እስኪያወጣቸው ወደ 40 ደቂቃ ቆዩ። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን 40 ደቂቃ ዳር ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ ይታወቀኝ ነበር።

እንደደረሱ መጀመሪያ ያልኩትንም ልናገር። ነጂውን «ስንት ሰው ጫንክ?» ነው ያልኩት። ጥፋቱን ወደ እሱ ለመግፋት።

«የሚፈቀደውን ነው የጫንኩት» አለኝ። ቀጥሎም «ደግሞ ዓይኔን አልነቀልኩም። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይተፋ ነበር» አለ።

ልጁን አየሁት። ልጁ እኔን አላየኝም። የቴስታታውን ቁልፍ ከሳጥኑ መርጦ ይዞ ቆሞ ነበር።

ማታ በአምፖል ከፈትነው። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን፣ ሲሞቅ ተከፍታ ውሃ የምታሳልፈውን በር፣ አወጣን። ሻይ የምታፈላው እህታችን በጣሳ የፈላ ውሃ ሰጠችን፤ ስንከታት ወዲያው ተከፈተች፣ ስትበርድ ተዘጋች። እሷ ጤነኛ ናት። ቴስታታው ሲነሳ በላይኛው ሲሊንደር በኩል ማሸጊያው፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ነዷል፣ ከውጭ ቀለሙ ተልጧል። ወደዚያ ውሃ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ላይ አንድ ጥቁር ጎማ ተለጥፏል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ልጁ በፒንሳ ነቀላት። ከኋላዋ ሁለተኛዋ ነበረች። አሮጌዋን ኢምፔለር ከቆሻሻው አንስቶ አመጣና ቁራጮቹን ቦታቸው ላይ ገጠማቸው። ልክክ አሉ። አንድም ቃል አልተናገረም።

ባለቤቱ መጡ። ቁራጮቹን አሳየኋቸው። እንዴት ወደ ላይ እንደወጡ፣ ፓምፑ እንዴት እንደሚገፋ አስረዳኋቸው። ልጁ ባለፈው ቀን ያለውን፣ በእሱ ቃል።

«ተባረክ!» አሉኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩ ሞቷል ብሎ ያስጥለኝ ነበር። አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?» ብለው ከዋጋው በላይ 500 ብር ጨመሩልኝ።

ልጁ ሁለት እርምጃ ርቆ ብሎን በቤንዚን ያጥባል። ይሰማል። «እሱ ነው ያወቀው» ማለት ስንት ጊዜ ይወስዳል? አላልኩም። «አሜን» ብዬ ብሩን ተቀበልኩ። ስንለያይ 200 ብሩን ለልጁ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተለውጧል። የተበጠሰች ኢምፔለር ስትወጣ ጨርቅ ዘርግቼ አስቀምጣታለሁ፣ ቁራጮቿን ከፓምፑ ቤት ለቅሜ እገጥማለሁ። አንድ ጥፍር የምታህል ከጎደለች ሥራው አላለቀም። ቴርሞስታቱን አውጥቼ ከላይ ወደ ታች፣ ውሃው ከሚሄድበት በተቃራኒ፣ በጎማ ቱቦ አጥባለሁ። ካልወጣ ቴስታታ እከፍታለሁ፣ ባለቤቱ ቢቸኩልም ባይቸኩልም። መትፊያዋ ብትደፈን በሽቦ አልወጋትም፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ነው የምጠርጋት። ደግሞ በርሜል አይቼ አልለቅም። ራሴ ተሳፍሬ ክብራን ገብርኤል አካባቢ ድረስ ጋዙን ከፍተን ሄደን፣ ቴስታታውን ዳብሼ ነው የምመለሰው።

ልጁ የዚያ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሄደ። ሐዋሳ ጀልባ ላይ ይሠራል ሲሉ ሰማሁ።

ባለፈው ዓመት ከባለቤቱ ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩ ተነሳ። ልቤ አልቻለም፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቀው ማን እንደሆነ፣ እንዴት ዝም እንዳሰኘሁት። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ያን ጊዜ እኮ ጀልባዋን በቋሚነት የሚይዝልኝ ልጅ ፈልጌ አጥቼ ነበር» አሉ። «ለምን አልነገርከኝም? እቀጥረው ነበር።»

እሳቸውም እንደሳቁበት አያስታውሱም። እኔም አላስታወስኳቸውም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የደቅ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያው ናቸው። እዚህ ሥራ ቢያገኝ ኖሮ ሐዋሳ ድረስ አይሄድም ነበር።

ስልኩን ከዘመዱ ተቀብዬ ደወልኩለት። ድምፁ ወፍሯል። ይቅርታ አልኩት። ያን ማታ ማለት የነበረብኝን፣ ባለቤቱ አሁን ያሉኝንም ጭምር ሳላስቀር ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ በመጨረሻ፣ «የጥሩምባዋን ሽቦስ ቀጠላችኋት?»

አልቀጠልናትም ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቱን ሳላስፈቅድ ሽቦና ፒንሳ ይዤ ወደ ጀልባዋ ወረድኩ።