ነጭ ወረቀት ይዤ ገቢዎች

ነሐሴ 2011 ነው። ባሕር ዳር በዝናብ ሰንብታ ያን ቀን ፀሐይ ወጥቶላታል። የፎቶ ቤቴን የዓመት የወጪ ደረሰኝ በፌስታል አንጠልጥዬ ገቢዎች ሄድኩ። ደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ነበርኩ። የማሳወቂያው ጊዜ ሳያልፍ ካላሳወቅኩ ቅጣት አለ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የመጀመሪያውን ደረሰኝ አገላበጠችው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ባዶ ወረቀት ነው እኮ።»

እውነትም ባዶ ነው። ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም። ለካ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት የሚጻፈው በቀለም አይደለም፤ በሙቀት ነው። ሙቀት የጻፈውን ፀሐይ ያጠፋዋል። እኔ ደግሞ ፌስታሉን ዓመቱን ሙሉ ያስቀመጥኩት መስኮት ላይ፣ የሚያዝያ ፀሐይ ቀጥ ብሎ በሚያርፍበት ቦታ!

ይበልጥ ያናደደኝ አታችመንቱ፣ ከካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ጋር አብሮ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ባለሱቁ በእስክሪብቶ የሞላው ስለሆነ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ግርጌው ላይ ግን ዋናው ደረሰኝ ካልተያያዘ ዋጋ የለውም ይላል። ዋናው እንደ ነጠላ ነጥቷል።

ወጪ ካስመዘገብክ ብሩ ይመለስልሃል የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አይመለስም፤ ግብር ከሚሰላበት ትርፍ ላይ ነው የሚቀነሰው። ዓመቱን ያስገባሁት 540 ሺህ ብር ነው። ሲሰሙት ብዙ ነው። ኪራይ፣ የፎቶ ወረቀት፣ ቀለም፣ የረዳቴ ደመወዝ ሲወጣ የሚተርፈኝ 80 ሺህ ብቻ። በጊዜው ስሌት (አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል) ግብሩ 13,220 ብር ነበር። የነጡት ደረሰኞች 46 ሺህ ብር ያወጣሉ። እነሱ ሲወድቁ ትርፌ በወረቀት 126 ሺህ ሆነ፤ ግብሩም 26,340። በዓይኔ ያላየሁትን ትርፍ ልገብርበት ነው።

ጀልባውማ ከመጀመሪያውም ደረሰኝ አልነበረውም። ሙሽሮች ይዘን ዘጌ ስንሻገር ባለጀልባውን «ጋሼ፣ ደረሰኝ ይቆርጡልኛል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሐይቁ ለኔ ቆርጦልኝ ያውቃል?» ብለው ሞተሩን አስነሱት። እሱን ከኪሴ እንደወጣ ቆጥሬ ትቼዋለሁ።

ትንሽ የደረሰልኝ ስነጫነጭበት የከረምኩት ቅድመ ግብር ነው። የእምቦጭ ነቀላ ፎቶ ያነሳሁላቸው ድርጅቶች ክፍያው ከ3,000 ብር ካለፈ 2 በመቶ ይቆርጡ ነበር። ያን ጊዜ የተቀማሁ ይመስለኝ ነበር። የቆረጡልኝ ደረሰኝ በእስክሪብቶ የተሞላ ነው፤ የፎገራ ጭቃ ከነካካው በቀር ይነበባል። ሲደመር 6,000 ብር ሆነና ከግብሬ ላይ ተቀነሰልኝ። የቀረውን 20,340 ብር ከእህቴ ተበድሬ ከፈልኩ።

አሁን ዕቃ ስገዛ ስሜንና ቲን ነምበሬን አስጽፌ፣ ቤት ሳልደርስ ኮፒ አስነሳለሁ። ከዋናው ጋር በስቴፕለር መትቼ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አስገባዋለሁ። ኮፒ ቤቱ ያለው ልጅ ለምዶኛል። ባለፈው ሒሳቡን ከፍዬ «ደረሰኙስ?» ብለው ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ እሱንም ኮፒ ላንሳልዎት?»