ሬስቶራንቱ ተሸጠ፣ ሊዙስ?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ሬስቶራንት የሚሸጡ ወገኖቻችን በዋጋው ላይ ሲከራከሩ ይከርማሉ፤ ሊዙን፣ ማለትም የቦታውን የኪራይ ውል፣ ገልጦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ገዢ ከማፈላለጋችሁ በፊት ስለ አሳይመንትና ሰብሊዝ የሚናገረውን አንቀጽ አንብቡ።

በአሳይመንት የቀረው የኪራይ ዘመን በሙሉ ለገዢው ያልፋል፤ ኪራዩንም በቀጥታ ለአከራዩ ይከፍላል። በሰብሊዝ ዋናው ተከራይ ቦታውን ለሌላ ሰው መልሶ አከራይቶ መሐል ላይ ይቆያል። እሱ ሳይከፍል ቀርቶ ዋናው ሊዝ ከፈረሰ፣ ኪራዩን አንድም ወር ያላጓደለው ሰብሊዝ የያዘ ሰውም አብሮ ሊወጣ ይችላል። መከላከያው አከራዩ ራሱ "ይህን ሰው አላስወጣም" ብሎ የሚፈርምለት ስምምነት ነው።

"እኔ ኤልኤልሲውን (ኩባንያውን) ነው የምሸጠው፣ ሊዙ አይነካም" የሚለው ብልሃት ብዙ ጊዜ አይሠራም። አብዛኞቹ ሊዞች ከ50% በላይ ድርሻ ሲሸጥ እንደ አሳይመንት ይቆጥሩታል።

ከሁሉ የከፋው ሪካፕቸር የሚባለው ነው። ሊዙን ለማዛወር ፈቃድ በጠየቃችሁ ማግስት አከራዩ ሊዙን አቋርጦ ቦታውን መልሶ የመውሰድ መብት ይሰጠዋል፤ ገዢም ሽያጭም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ገና ሊዙ ሲፈረም "አከራዩ ልውሰድ ካለ የፈቃድ ጥያቄዬን መሰረዝ እችላለሁ" የሚል ሐረግ አስገቡ።

ቀጥሎ ትርፍ መካፈል አለ። ኪራያችሁ 6,000 ዶላር ሆኖ በ7,000 ብታከራዩና ሊዙ 50% ቢል፣ በየወሩ 500 ዶላር የአከራዩ ነው። ቃሉ ልቅ ከሆነ ደግሞ ለምድጃው፣ ለፍሪጁና ለስሙ ከተከፈለው ገንዘብ ላይም ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። የንግዱ ሽያጭ ዋጋ ከዚህ ውጭ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ሻጩ ወጥቶም ዕዳው ላይወጣለት ይችላል። በጽሑፍ ካልተለቀቀ በቀር ገዢው መክፈል ሲያቆም አከራዩ ወደ እሱ ይመለሳል። ፐርሰናል ጋራንቲ (ሻጩ በግሉ የፈረመው ዋስትና) ደግሞ ራሱን የቻለ ሰነድ ስለሆነ የሊዙ መዛወር ብቻውን አይሽረውም፤ ለብቻው መሰረዝ አለበት። አከራዩ እምቢ ካለ ቢያንስ በ12 ወር ኪራይ እንዲገደብ ተደራደሩ።

ገዢ ከሆናችሁ የማራዘሚያ መብቱን ፈትሹ። ሊዙ 2 ዓመት ቀርቶት "5 ዓመት ይጨመራል" ተብሎ ይሸጣል፤ መብቱ ግን ለመጀመሪያው ተከራይ ብቻ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ሲዛወር ይሞታል። የአገልግሎት አንቀጹም "ሬስቶራንት" ብቻ ካለ ግሮሰሪ መክፈት አይቻልም። ከአከራዩ ኢስቶፔል ሰርተፊኬት አስፈርሙ፦ ኪራይ እስከ መቼ እንደተከፈለ፣ ዲፖዚቱ ስንት እንደሆነ፣ የተጣሰ ነገር መኖር አለመኖሩ በአንድ ወረቀት ይሰፍራል።

የመጠጥ ፈቃድ ከሊዙ ጋር አብሮ አይሄድም። ዲሲ ውስጥ ለአዲስ ባለቤት ማዛወር የሚቻለው በማመልከቻ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃዱ ስለማይዛወር ገዢው የራሱን ያወጣል። ሽያጩ የሚዘጋው የአከራዩ ፈቃድ በጽሑፍ ሲደርስ ይሁን፤ እስከዚያ ቀብዱ በኤስክሮ፣ ማለትም በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እጅ፣ ይቀመጥ።

ትሪፕል ኔት ሊዝ (ከኪራዩ ሌላ የሕንፃውን ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ተከራዩ የሚሸፍንበት) ከሆነ የጋራ ወጪው ሒሳብ የሚተሳሰበው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሻጩ ከሄደ ወራት አልፎ ለሚመጣው ቢል፣ እሱ በነበረባቸው ወራት ልክ እንደሚከፍል ውሉ ላይ አስፍሩ።