የእንግሊዝኛን የጅማሬ ቃላት ከአማርኛ ተነሥቼ ያስተማርኩበት መንገድ

ደብረ ማርቆስ ላይ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ለፈተና ሲዘጋጁ «ቢጊን»፣ «ስታርት»፣ «ኮሜንስ»፣ «ኦንሴት» እያሉ ይደረድሩና «ሁሉም ያው መጀመር ነው» ብለው ይሸመድዳሉ። ዐረፍተ ነገር ጻፉ ሲባሉ ግን ይጨነቃሉ።

ስለዚህ ከአማርኛው ተነሣሁ። ሰሌዳው ላይ ጥንስስ፣ ውጥን፣ መባቻ፣ ንጋት፣ ምንጭ ብዬ ጻፍኩና «የመስከረም ጥንስስ ይባላል?» ስል ክፍሉ ሳቀ። መባቻ ለወር፣ ጥንስስ ለጠላና ለሐሳብ መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። እንግሊዝኛውም ለየነገሩ የየራሱ ቃል አለው አልኳቸው።

ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ከሚያውቁት ነገር ጋር አጣመርን። ሰከላ ያለው ግሽ ዓባይ «ሶርስ» ነው። ባሕር ዳር ላይ በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ምርቃቱ «ኢናጉሬሽን» ነው፤ ቃሉ የወፍ በረራ እያዩ የአማልክትን ፈቃድ ይተረጉሙ ከነበሩት የሮማ አውጉሮች የወጣ ነው። «ኮሜንስ» ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ ስለገባ እስከ ዛሬ የፍርድ ቤትና የሥነ ሥርዓት ጠረን አለው፤ ግዕዝ ለአማርኛችን የሚሰጠው ዓይነት ክብደት ማለት ነው።

«ስታርት» የጥንት ፍቺው ድንገት መዝለል ነበር። ሞተር «ስታርት» እንጂ «ቢጊን» አይደረግም፤ እኛም ሞተር አስነሣ እንጂ ጀምር አንልም።

ብዙ የቆየነው «ኦንሴት» ላይ ነው። ቀድሞ ጥቃት ማለት ነበር፤ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው በሽታ ወይም ብርድ ነው። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ዝናብስ?» አለችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! የአየር ንብረት ባለሙያዎች የዝናብ ወቅት መግባትንም «ኦንሴት» ይሉታል። ለገበሬያችን ዝናብ ደስታ ነው፤ ቢሆንም በሽታም ክረምትም በእኛ አፍ «ገባ» ነው የሚባሉት። ይህን ካገኘን በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

አሁን ቃሉን ብቻውን ደብተር ላይ ማስፈር በክፍሌ ክልክል ነው፤ አብሮት ከሚሄደው ስም ጋር ይጻፋል። በአንድ ክፍለ ጊዜም ከሁለት ቃል በላይ አላነሣም። «ቢጊን» ብቻ የተለየ ልምምድ ይፈልጋል፦ ያለፈ ጊዜው «ቢጋን» ብቻውን ይቆማል፤ «ቢጋን» በሚለው ፈንታ «ቢገን» የሚመጣው ግን «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ወይም «ሃድ» ሲቀድመው ነው፤ ይህን ጮክ ብለው በአፋቸው እየደጋገሙ ነው የሚይዙት።